ቀጣሪው የሚፈራው ወረቀቱን ነው

ደብረ ብርሃን ተቀምጠው ውጭ ሀገር የሶፍትዌር ሥራ የሚፈልጉ ልጆች ሲያገኙኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው። ጃቫ ይሻላል ፓይተን? ሪአክት ልማር ወይስ ጎ? ጥያቄው ክፋት የለውም። ግን ብዙዎቹን ወደ ኋላ የሚያስቀራቸው እሱ አይደለም። ኮዱን ይችሉበታል። ሲቪያቸው የሚወድቀው ገና ሳይነበብ ነው፤ «የሥራ ቪዛ ያስፈልግዎታል?» የምትለው ሳጥን ላይ «አዎ» ያሉ ጊዜ።

እኔ አሁን የምሠራው በርሊን ነው፣ የክፍያ ሲስተም ላይ። ተወልጄ ያደግኩት ጠባሴ፣ የተማርኩትም እዚያው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ነው። ይህን ሥራ ሳገኝ እናቴ ቤት ነበርኩ፤ አዲስ አበባ ላለ ድርጅት ከርቀት እሠራ ነበር። አዲስ አበባ ያለ ልጅ ቢያንስ የሚጠይቀው ሰው አያጣም። ኤቱኤስቪን የመሰሉ ተማሪዎችን ለትልልቅ ኩባንያዎች ፈተና የሚያዘጋጁ ቦታዎች አሉ። ቀድሞ የሄደ ጓደኛ አለ። መሐል ሜዳ፣ ሸዋ ሮቢት ወይም ዓለም ከተማ ላለ ልጅ ግን መረጃው የሚደርሰው በቴሌግራም ነው፤ ከቴሌግራሙ ደግሞ ግማሹ ደላላ ነው። ይህ ያንገበግበኛል። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍ።

እስቲ በቀጣሪዋ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። አነስተኛ ኩባንያ ነው፤ ኤችአሯ፣ ማለትም የሰው ኃይል ኃላፊዋ፣ አንዲት ሴት ናት። ፊቷ ሁለት ሲቪ አለ። አንዱ እዚያው ከተማ ይኖራል፣ በሚቀጥለው ወር ሥራ መጀመር ይችላል። ሌላው ኢትዮጵያ ነው ያለው፣ ደብረ ብርሃን የምትባል ሰምታ የማታውቃት ከተማ። ስለ ሁለተኛው ስታስብ ጠበቃ ይታያታል፣ የወራት ጥበቃ ይታያታል፣ ከአለቃዋ «ለምን ይህን ጣጣ አመጣሽብን?» የሚል ጥያቄ ይታያታል። ክፉ ሆና አይደለም። አሠራሩን አታውቀውም፣ ሰው ደግሞ የማያውቀውን ይፈራል። የእናንተ ሥራ ያንን ፍርሃት ማቅለል ነው። ለዚህ የምታመለክቱበትን ሀገር የሥራ ፈቃድ ሕግ ከእሷ የተሻለ ማወቅ አለባችሁ።

የማመልከቻ ደብዳቤዬ መጀመሪያ ላይ እንዲህ የሚል አንቀጽ ነበረበት (ብሉ ካርድ የሚለው ለውጭ ባለሙያ የሚሰጥ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ነው)፦ «የምኖረው ኢትዮጵያ ነው፤ ለሥራው ወደ በርሊን እዛወራለሁ። የሥራ ቪዛ ያስፈልገኛል። የዲግሪዬ የአቻነት ማረጋገጫ በእጄ ነው። ያወጣችሁት ደመወዝ ከብሉ ካርድ መነሻ በላይ ስለሆነ መስፈርቱን አሟላለሁ። ከእናንተ በኩል የሚፈለገው የሥራ ውልና ስለ ሥራው የምትሞሉት አንድ ቅጽ ነው።» በቃ። ቪዛ እንደሚያስፈልገኝ አልደበቅኩም፣ አላለሳለስኩትምም። አንዳንዶች «ሳጥኑ ላይ አያስፈልገኝም በል፣ ኢንተርቪው ካለፍክ በኋላ ትነግራቸዋለህ» ብለው ይመክራሉ። ይህን ምክር አትስሙ። መጨረሻ ላይ መታወቁ አይቀርም፣ ያኔ ጥያቄው ከቪዛ አልፎ የመታመን ጥያቄ ይሆናል።

ጀርመንን የመረጥኩት ሕጉ ለእኛ ሙያ ክፍት ስለሆነ ነው። ብሉ ካርድ ለማግኘት ከሙያው ጋር የሚሄድ እውቅና ያለው ዲግሪ፣ የሥራ ውል እና ከተወሰነ መነሻ ያላነሰ ደመወዝ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2025 መነሻው በዓመት 48,300 ዩሮ ነበር። እንደ አይቲ ላሉ ሰው ላጠረባቸው ሙያዎች ግን 43,759.80 ዩሮ ይበቃ ነበር። በየዓመቱ ስለሚቀየር የዓመቱን ቁጥር ማየት ነው። ደግሞ ብዙ ሰው ያልሰማው አንድ ነገር አለ። ከኅዳር 2023 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የአይቲ ባለሙያ ዲግሪ ባይኖረውም ብሉ ካርድ ማግኘት ይችላል። ባለፉት 7 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ የ3 ዓመት ከፍ ያለ ሙያዊ ልምድ በማስረጃ ማሳየት አለበት፤ ደመወዙም ከዝቅተኛው መነሻ ማነስ የለበትም። ሦስተኛ ዓመት ላይ ትምህርቱን አቋርጦ ሥራ የገባ ልጅ ካለ ይህን ደግሞ ያንብበው። በሩ አልተዘጋበትም።

ዲግሪ ያላችሁ ደግሞ አናቢን የሚባለውን የጀርመኖች የመረጃ ቋት ክፈቱ። በየሀገሩ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችና የዲግሪ ዓይነቶች እዚያ በደረጃ ተቀምጠዋል። ዩኒቨርሲቲያችሁና የዲግሪያችሁ ዓይነት በሙሉ እውቅና ካሉ ገጹን አትማችሁ ከማመልከቻው ጋር ታያይዛላችሁ። ከሌሉ ወይም ደረጃው አጠራጣሪ ከሆነ የአቻነት ማረጋገጫ በገንዘብ ይጠየቃል። ይህን ሥራ ሳታገኙ ቀድማችሁ ጨርሱት። ኩባንያው «እንቀጥርሻለን» ካለ በኋላ ማረጋገጫ መጠበቅ ልብ ያወልቃል፤ የቀጣሪው ሐሳብም በመሐል ሊቀየር ይችላል።

ሥራ ሳይያዙ ሄዶ የመፈለጊያ መንገድም አለ፣ ቻንስንካርተ ይባላል። የተጀመረው ሰኔ 2024 (እ.ኤ.አ.) ነው። አንድ ዓመት እዚያው ኖረው ሥራ እንዲፈልጉ ይፈቅዳል። ችግሩ ገንዘቡ ነው። የመኖሪያ ገንዘብ እንዳላችሁ ለማሳየት በ2025 በወር 1,091 ዩሮ ይጠየቅ ነበር፣ ለዓመት 13,092 መሆኑ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ከመቶ በላይ ወጥቷል፣ ዩሮውም እንደዚያው። ከእኛ ሰፈር ይህን የሚችል ቤተሰብ ጥቂት ነው። ለዚህ ሲባል የእናት አባት መሬት ወይም ቤት እንዲሸጥ አልመክርም። ሥራውን ከሀገር ቤት ሆኖ መፈለግ ይረዝማል፣ ግን ማንንም ዕዳ ውስጥ አይከትም።

ኔዘርላንድስና እንግሊዝ ሌላ ጥሩ ነገር አላቸው። የውጭ ሰው እንዲያስመጡ የተፈቀደላቸው ቀጣሪዎች ስም ዝርዝር በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በግልጽ ይወጣል። እዚያ ዝርዝር ውስጥ የሌለ ኩባንያ በተለመደው የባለሙያ ቪዛ ሊወስዳችሁ አይችልም። እንግዲህ ክፍት ሥራ ስታዩ መጀመሪያ ዝርዝሩን አውጥታችሁ ስሙን ፈልጉ፤ ከሌለ ጊዜያችሁን አታባክኑ። ኔዘርላንድስ ከ30 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የደመወዝ መነሻውን ዝቅ ታደርጋለች። በ2025 ከ30 በታች በወር 4,171 ዩሮ፣ 30 ለሞላው 5,688 ነበር። ዕድሜያችሁ 28 ወይም 29 ከሆነ ይህን አስቡበት። እንግሊዝ ግን እየከበደች ነው። ሐምሌ 2025 (እ.ኤ.አ.) ላይ አጠቃላይ የዓመት ደመወዝ መነሻውን ወደ 41,700 ፓውንድ ከፍ አድርጋዋለች።

አሜሪካስ? ለመሄድ መሆኑ ሰፈር ውስጥ ሲሰማ ጎረቤታችን ቡና ላይ «እሰይ ልጄ፣ ዲቪ ደረሰሽ?» አሉኝ። «አይ እትዬ፣ በሥራ ነው፣ ጀርመን» ብላቸው ግራ ተጋቡ። እኛ ሀገር ውጭ መሄድ ሲባል ሰው የሚያስበው ዕጣ ነው። የአሜሪካው የባለሙያ ቪዛ፣ ኤች ዋን ቢ፣ እሱም ዕጣ አለበት። በዓመት 65,000 ቦታ፣ አሜሪካ ውስጥ ማስተርስ ለያዙ ተጨማሪ 20,000። ቀጣሪ አግኝታችሁም ዕጣው ላይወጣ ይችላል። በዚያ ላይ መስከረም 2025 (እ.ኤ.አ.) ላይ ከሀገር ውጭ ላለ አዲስ አመልካች ቀጣሪው 100,000 ዶላር እንዲከፍል የሚያዝ አዋጅ ወጣ። ደብረ ብርሃን ላለ ሰው ይህን የሚከፍል ኩባንያ ይገኛል ብዬ ተስፋ አልሰጥም። ጉልበታችሁን ሌላ ቦታ ላይ አውሉት።

ቪዛ የሚሰጥ ኩባንያ እንዴት ይለያል? ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን ብቻ አትመኑ። እኔ የማደርገው ሊንክድኢን ላይ የኩባንያውን ሠራተኞች ማየት ነው። ናይሮቢ፣ ሌጎስ፣ ካይሮ ወይም ባንጋሎር ተምረው አሁን እዚያ የሚሠሩ ሰዎች ካሉ፣ ያ ኩባንያ መንገዱን አንድ ጊዜ ሄዶበታል። ኤችአሯ አትፈራም። ከነዚያ ሠራተኞች ለአንዱ አጭር፣ ጨዋ መልእክት ጻፉ። ሥራ ስጠኝ አትበሉት። እንዴት እንደመጣ ጠይቁት። ከቤቱ ርቆ የመጣ ሰው ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ልቡ ቅርብ ነው። እኔንም ኢንተርቪው ያስገባኝ በዚህ መንገድ የተዋወቅኩት ሰው ነው፤ ሲቪዬን በእጁ ለአለቃው ሰጠልኝ።

አሁን ከሁሉ በላይ ልናገር ወደምፈልገው ልምጣ። እኛ ጋ የሚሠራ ሰው ልምዱን ይንቃል። «የሠራሁት የሀገር ውስጥ ድርጅት ነው፣ ምን ዋጋ አለው» ይላል። ዋጋ አለው።

ኢንተርቪዬ ኅዳር ላይ ነበር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት፤ የኅዳር ውርጭ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከላይ ሸሚዝ ለብሼ፣ ጋቢዬን ካሜራው እንዳያሳየው እግሬ ላይ ጥዬ ተቀመጥኩ። ከመጀመራችን በፊት መብራት ሊጠፋ እንደሚችል፣ ከጠፋ በስልክ ዳታ ወዲያው እንደምመለስ ነገርኳቸው። ችግር የለም አሉ። ከዚያ ሰውየው እንዲህ ጠየቀኝ፦ «ደንበኛ ክፍያ ላከ። ገንዘቡ ተቆረጠ። መልሱ ደንበኛው ጋ ሳይደርስ ኔትወርክ ተቋረጠ። ደንበኛው ድጋሚ ቢጫን ምን ይሆናል?»

ይህ ለእኔ የመጽሐፍ ጥያቄ አልነበረም። ቴሌብር በ2013 ከተጀመረ ወዲህ ሀገሩ ሁሉ በስልክ ይከፍላል። ኔትወርኩ ደግሞ በየደቂቃው ይሄዳል፣ ይመጣል። እሠራበት የነበረው ድርጅት ደንበኞች «ሁለት ጊዜ ተቆረጠብኝ» ብለው ሲያለቅሱ ሰምቻለሁ። እኛ ያደረግነው ስልኩ ላይ ክፍያው ሲጀመር አንድ መለያ ቁጥር ማውጣት ነበር። ደንበኛው አሥር ጊዜ ቢጫን ያው ቁጥር ነው የሚላከው። ሰርቨሩ ቁጥሩን አይቶ «ይህን ጨርሼዋለሁ» ይላል፣ የመጀመሪያውን መልስ ይመልሳል፣ ገንዘብ አይነካም። ለስንት ጊዜ እንደምናስቀምጠው፣ ሁለቱ ጥያቄ እኩል ቢደርስ ምን እንደምናደርግ፣ ባንኩ መልስ ሳይሰጥ ቢቀር «አልተሳካም» ከማለት ይልቅ «እየተጣራ ነው» ማለቱ ለምን እንደሚሻል ነገርኩት። ሰውየው መጠየቁን ትቶ ያዳምጠኝ ጀመር። እሱ ይህን ችግር በፈተና መልክ ነው የሚያውቀው። እኔ የኖርኩት ነው።

መብራት የሚጠፋበት፣ ዳታው ውድ የሆነበት፣ ስልኩ ያረጀበት ሀገር ላይ የሚሠራ ሶፍትዌር የጻፈ ሰው ያለው እውቀት ሌላው በቀላሉ አያገኘውም። በሲቪያችሁ ላይ «ድረ ገጽ ሠራሁ» ብላችሁ አትለፉት። ምን ችግር ነበር፣ እናንተ ምን አደረጋችሁ፣ ከዚያ ምን ተለወጠ፤ እሱን ጻፉ። ኮድ በሚቀመጥበት ጊትሃብ ላይም ከትምህርት ቪዲዮ የተቀዱ ብዙ ፕሮጀክቶች ከመደርደር፣ ሰው የሚጠቀምበት አንድ ያለቀ ነገር ይሻላል። የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች የሚባለውን የኢንተርኔት ሥልጠና ሰርተፍኬት የወሰዳችሁ በርቱ፣ መነሻ ነው። ቀጣሪ ግን ከሰርተፍኬቱ ይልቅ የሠራችሁትን ነው የሚያየው።

ኔትወርክ ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል። በ2015 ክረምት ላይ የአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ነገሩ ወራት ፈጀ። በርቀት የሚሠሩ ልጆች መስመር ያለበት ቢሮና ሆቴል ፍለጋ ሲንከራተቱ አይቻለሁ። አንዳንዶቹ ጨርቄን ማቄን ሳይሉ አዲስ አበባ ገቡ። ሥራውን ያጣም አለ። ያኔ የቀጠሯቸው ኢንተርቪዎች ውሃ የበላቸው ልጆች ሰነፎች አልነበሩም። እንደ ሰነፍ ሲቆጠሩ መስማት ያመኛል።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው ትንንሽ ነገር ላይ ነውና። አንደኛው የስም አጻጻፍ ነው። ፀሐይ የሚለው ስም ፓስፖርቱ ላይ በቲ፣ ዲግሪው ላይ በኤስ ይጀምራል። የአባት ስም አንዱ ጋ በአንድ ኤል፣ ሌላው ጋ በሁለት። ለእኛ ያው ስም ነው፤ ለቆንስላ ሠራተኛ ግን ሁለት ሰው ነው። ፓስፖርት፣ ዲግሪ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል አመሳክሩ። የሚስተካከለውን አሁኑኑ አስተካክሉ፤ ሬጅስትራር ቢሮ ማስተካከያ በአንድ ቀን አይጨርስም። ሌላው ዓመተ ምሕረቱ ነው። በ2012 የተመረቀ ልጅ ሲቪው ላይ 2012 ብሎ ከጻፈ ፈረንጁ የሚያነበው በራሱ አቆጣጠር ነው፤ ስምንት ዓመት ሥራ ፈት የተቀመጠ ሰው ያደርገዋል። ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። ለበርሊን ጠዋት 10:00 የተባለ ቀጠሮ በበጋቸው ለእኛ 5 ሰዓት ነው፤ በክረምታቸው 6 ሰዓት። ሰዓታቸውን በማርች መጨረሻና በኦክቶበር መጨረሻ ስለሚቀይሩ በነዚያ ሳምንታት ሁለቴ ማረጋገጥ ነው።

የሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይም አትስነፉ። «በድርጅታችን ሲሠሩ ቆይተዋል» የሚል ሁለት መስመር ለብሉ ካርድ ብዙ አይረዳም። የተጀመረበትና ያለቀበት ቀን፣ የሥራ መደቡ፣ ምን ምን እንደሠራችሁ በዝርዝር፣ ፊርማና ማኅተም። በተለይ ዲግሪ ሳይኖራችሁ በልምድ የምታመለክቱ ከሆነ ሁሉ ነገር በእሱ ላይ ነው የሚቆመው።

ደላሎችን በተመለከተ ቁርጥ አድርጌ ልናገር። የቪዛ ማመልከቻ ክፍያ ለኤምባሲው ወይም ኤምባሲው ለወከለው ቢሮ ይከፈላል። ሥራ ለማግኘት ግን ገንዘብ አይከፈልም። የስፖንሰርነት ሰርተፍኬት (ቀጣሪው ለቪዛው የሚያወጣላችሁ ማረጋገጫ) በገንዘብ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ሌባ ነው፤ እንግሊዝ እንዲያውም ቀጣሪው የዚህን ወጪ በሠራተኛው ላይ እንዲጭን አትፈቅድም። በቪዲዮ ሳያናግራችሁ፣ ኮድ ሳያስጽፋችሁ «ተቀጥረሃል» የሚል ኩባንያ ካለ ተጠራጠሩት።

ከገንዘብ የከፋም አለ። «ታይላንድ የኮምፒውተር ሥራ፣ ቲኬት በእኛ፣ ደመወዝ በዶላር» የሚል ማስታወቂያ ስንቱን ልጅ በላ። ባንኮክ ተቀብለው ድንበር አሻግረው ማይናማር የታጠረ ግቢ ያስገቧቸዋል። ፓስፖርታቸውን ይነጥቃሉ፣ በኢንተርኔት ሰው እንዲያጭበረብሩ ያስገድዷቸዋል፣ እምቢ ያለ ይደበደባል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ማያዋዲ አካባቢ ከነዚያ ግቢዎች ከወጡት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መካከል በርካታ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የተማሩ ልጆች ናቸው፣ እንግሊዝኛ ስለሚችሉ ነው የተፈለጉት። እህት ወንድሞቻችሁ እንዲህ ያለ ነገር ይዘው ከመጡ አትቆጧቸው፤ አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ ኩባንያውን መርምሩ።

«ለምን ሀገራችሁን ትታችሁ ትሄዳላችሁ?» የሚሉን አሉ። ከልብ ነው የሚሉት፣ እኔም ጥያቄውን አከብረዋለሁ። ሁሉም ይሂድ አልልም። ሀገር ውስጥ ቆይቶ ትልቅ ነገር የሚሠራ ሰው አውቃለሁ። መሄድ የሚፈልግ ልጅ ግን በሕጋዊ መንገድ፣ በሙያው፣ ተከብሮ ይሂድ። በረሃ ከሚያቋርጥና በደላላ ከሚሸጥ ይህ ይሻላል። እናቴም መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ማን ነው የሚወስድሽ?» ብላ ነው። ውሉን መስመር በመስመር በአማርኛ ሳነብላት ነው ልቧ ያረፈው።

ውሉን ራሳችሁም እንዲሁ አንብቡት። የሙከራ ጊዜው ስንት ነው? ጀርመን ውስጥ እስከ 6 ወር ይሄዳል፤ በዚያ ጊዜ በሁለት ሳምንት ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቷችሁ ይችላሉ። የመዛወሪያ ወጪ ይከፍላሉ? ከከፈሉስ ቶሎ ብትለቁ መልሱ የሚል አንቀጽ አለበት? ይህን ሁሉ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፣ ነውር የለውም። ደመወዝ የሚገባው በወሩ መጨረሻ ነው፤ ቤት አከራይ ደግሞ እስከ ሦስት ወር ኪራይ የሚደርስ ተቀማጭ ሊጠይቅ ይችላል። ከቤት ይህን ይዞ መነሳት ከባድ ስለሆነ እኔ ኩባንያውን የመጀመሪያውን ወር ማረፊያ እንዲይዝልኝና የመዛወሪያውን ገንዘብ ቀድሞ እንዲልክልኝ ጠየቅኩ። በአንድ ኢሜይል እሺ አሉኝ፣ ውሉ ላይም ጨመሩት።